የአያት ሰዓት ይዞ ቤት መቀየር

አያቴ የግድግዳ ሰዓታቸውን በሳምንት አንድ ቀን ይሞሉት ነበር። በሩን ከፍተው፣ ቁልፉን በቀስታ እያዞሩ፣ ዙሩን በከንፈራቸው ይቆጥራሉ። ሰዓቱ ለእኔ ከተሰጠኝ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ጎዳሁት፤ በሦስተኛው አንድም ጭረት ሳይነካው አደረስኩት። በመካከሉ የተማርኩትን የምጽፈው ዛሬ ዕቃ መጠቅለል ለጀመረ ሰው ነው። የእናንተ ቅርስ መስተዋት ወይም የእንጨት ሳጥን ቢሆንም አብዛኛው ይሠራል።

ከሁሉ በፊት አታጽዱት። ይህን የምለው ከጸጸት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ዋዜማ፣ ንጹሕ ሆኖ ወደ አዲሱ ቤት ይግባ ብዬ የሰዓቱን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። አያቴ ከበሩ ጀርባ የልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን የልደት ቀንና ሰዓት በእርሳስ ጽፈው ኖሯል፤ የተወለዱበትን ሰዓትም ቀና ብለው ያዩት ከዚያው የግድግዳ ሰዓት ላይ ነው። አቧራ የመሰለኝ የእጅ ጽሑፋቸው ነበር። የእጅ ባትሪ ይዤ ስመለስ ሁለት መስመር ጠፍቷል። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ ላይ ጨርቅ ከማሳረፋችሁ በፊት መሳቢያ ካለው አውጡ፣ ጀርባውንና ሥሩን በብርሃን መርምሩ፣ ጽሑፉንም፣ የተለጠፈውን ወረቀትም፣ ጭረቱንም ፎቶ አንሱ። ገዢ እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ምልክት ለቤተሰቡ ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ አስቀምጡና ጠይቁ። እናቴን "ስንት ዓመቱ ነው?" ብላት አታውቅም። "ሌሊት ሲደውል ማን ይነቃ ነበር?" ስላት ግን እስኪመሽ አወራችኝ። ታናሽ እህቷ በጠና በታመመችበት ሰሞን፣ ደወሉ እንዳይቀሰቅሳት አያቴ በየማታው ፔንዱለሙን፣ ሳጥኑ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን ዘንግ፣ በእጃቸው እያቆሙ፣ ጠዋት መልሰው ያስነሡት እንደነበር የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ይህን ሰዓቱ ራሱ አይናገርም። ስልካችሁን ከፍታችሁ ወሬውን ቅዱ፤ የዕቃው ድምፅ ካለ እሱንም ቅዱ። ወንድምና እህት ካላችሁም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ወንድሜ ሰዓቱን ይፈልገው እንደነበር ያወቅሁት ከወሰድኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ወደ መጠቅለሉ ስንመጣ፣ ባለፔንዱለም ሰዓት በፍጹም ፔንዱለሙ እንደተንጠለጠለ አይጓጓዝም። የመጀመሪያው ጊዜ ጫኞቹ እንዳለ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲወስዱት ዝም አልኩ። ስንደርስ ፔንዱለሙን የያዘው ስስ የብረት ቅጠል ተሰብሮ፣ መስተዋቱም ከውስጥ ተፍቆ አገኘሁት። አቁሙት፤ ፔንዱለሙን በቀስታ ከመንጠቆው አውጡት፤ ለብቻው ጠቅልሉት። ቁልፉን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ እንጂ ካርቶን ውስጥ አትጣሉት። ለእንጨቱ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል፤ የጋዜጣ ቀለም ይለቃል፣ ፕላስቲክ በቀጥታ ሲነካው ደግሞ እርጥበት ያፍናል፣ ቫርኒሹንም ሊያበላሽ ይችላል። ባለአረፋ ፕላስቲክ ካላችሁ ከጨርቁ በላይ ይምጣ። ፕላስተርም እንጨቱን አይንካ፤ ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። በሦስተኛው ጉዞ ሰዓቱን ጭነት ላይ አላስቀመጥኩትም፤ መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት።

አዲሱ ቤት ስትገቡ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ እርጥበት የሌለው ግድግዳ ምረጡ። በውኃ ልክ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። በሁለቱ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ እኩል መሆን አለበት። ካነከሰ የሳጥኑን ግርጌ በጥቂቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ግፉ፤ እኩል የሚመታበትን ቦታ ጆሯችሁ ያገኘዋል። እኔ ይህን ሳደርግ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ከጉዞው ሁሉ የምወደውም ይህን ግማሽ ሰዓት ነው። ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ከፔንዱለሙ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ዳዶ አዙራችሁ ክብደቱን ከፍ አድርጉት፤ የሚቀድም ከሆነ ዝቅ። የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሃይገንስ የፔንዱለም ሰዓትን እ.ኤ.አ. በ1656 ከፈለሰፈ ወዲህ መሠረቱ ያው ነው፦ ፔንዱለሙ ሲያጥር ይፈጥናል፣ ሲረዝም ይዘገያል።

አዲሱ ቤት ጠቦ ዕቃው የማይገባ ከሆነ እርጥበት ያለው መጋዘን ውስጥ ከምትዘጉበት ለሚጠቀምበት ዘመድ ስጡት። የአያቴን ትልቅ ሳጥን ለወንድሜ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክዳኑን ስከፍት የሚሰማኝ ሽታ ይናፍቀኛል፣ ግን እዚያ በየቀኑ ይከፈታል።

ከጠፉት ሁለት መስመሮች አንዱን እናቴ አስታውሳ ነግራኛለች፤ የራሷ የልደት ሰዓት ነበር። በሩ ላይ መልሼ አልጻፍኩትም። በወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍኩና በፖስታ አድርጌ ከቁልፉ ጋር አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።