የስፓኒሽ ግሥ ታውቃላችሁ፣ መስተዋድዱ ግን እምቢ አለ?

ይህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ስፓኒሽ በስልክ ለምትማሩ ነው። ግሡን ሸምድዳችኋል። ከኋላው የምትመጣው ትንሿ ቃል ግን ዓረፍተ ነገሩን ታበላሽባችኋለች።

«ስለ አንቺ አስባለሁ» ለማለት «ፒየንሶ ሶብሬ ቲ» ይመጣባችኋል? «ስለ»ን ቀጥታ ስለገለበጣችሁት ነው። «ሶብሬ» ከማውራት ጋር፣ ማለትም ከ«አብላር» ጋር፣ ያስኬዳል፤ ሰው በልባችሁ ሲመላለስ ግን «ፒየንሶ ኤን ቲ» ነው የሚባለው። መስተዋድዱን ትታችሁ ሌላ ግሥ ካስከተላችሁ ደግሞ ነገሩ ዕቅድ ይሆናል፦ «ፒየንሶ ኢር ኣ ኮምቦልቻ»፣ ኮምቦልቻ ልሄድ አስቤያለሁ። ህልም ላይም «ስለ» አይሠራም። እናታችሁን በህልም ካያችኋት «ሶኜ ኮን ሚ ማድሬ» ነው። ለምን «ኮን» ሆነ ብላችሁ አትድከሙ፣ ያዙት በቃ።

«ዬጌ ደሴ» የምትሉም አላችሁ። እኛ «ደሴ ደረስኩ» ስንል ምንም ስለማንጨምር ነው። መድረስ «ኣ» ይፈልጋል፦ «ዬጌ ኣ ደሴ»። መግባት ላይ ግን ስፔኖች «ኤንትራር ኤን» ሲሉ በላቲን አሜሪካ «ኤንትራር ኣ» ይበዛል፤ ስለዚህ ኩባ የተማረ ዘመድ ካላችሁና እንዲህ ሲል ከሰማችሁት አታርሙት።

አማርኛ የሚያድናችሁ ቦታም አለ። «ቡስኮ ፖር ትራባሆ» የሚለው ስህተት የሚመጣው በእንግሊዝኛው «ሉክ ፎር» በኩል ዞራችሁ ስትማሩ ነው። ሥራ እፈልጋለሁ፣ «ቡስኮ ትራባሆ»። ሚኒባሱን እጠብቃለሁ፣ «ኤስፔሮ ኤል ሚኒቡስ»። ልክ እንደኛው፣ መሀል ላይ ምንም የለም።

«ን» ግን ታሳስታለች። ወንድሜንም ጦሳንም አያለሁ እንላለን፣ ለሁለቱም «ን» ነው። ስፓኒሽ የታወቀን ሰው ለይቶ «ኣ» ይሰጠዋል፦ «ቤኦ ኣ ሚ ኤርማኖ»። ተራራው አይደርሰውም፦ «ቤኦ ኤል ሞንቴ ጦሳ»።

ሁለት ግሥ ሲከታተልስ? እዚህ አማርኛ አይረዳም፣ ግሡን ከነጅራቱ ደብተር ላይ መጻፍ ብቻ ነው፦ «ኤምፔሳር ኣ» (መጀመር)፣ «ትራታር ዴ» (መሞከር)፤ «ኬሬር» (መፈለግ) ግን ባዶውን። በተለይ «ዴሃር» ላይ ተጠንቀቁ። «ዴሆ ዴ ኮሜር» ካላችሁ መብላት አቆማለሁ ነው፣ «ዴ» ከወደቀች ግን ሌላው እንዲበላ ፈቅዳችኋል።