ወደ ሳንቲያጎ በእግር፦ መጽሐፍና አልጋ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ፣ ወደ ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር፣ በሚወስደው መንገድ ላይ በፈቃደኝነት እንግዳ በምቀበልበት የመንገደኞች ማደሪያ፣ አንድ ቀን ገና ቀትር ሳይሆን አንዲት ልጅ እያነከሰች ገባች። ጠዋት ከሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ ተነሥታ የሄደችው 7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲው ተረከዟ ላይ በደም ተጣብቋል። በስልክ ከእናቷ ጋር በአማርኛ ስታወራ ሰምቼ ቀረብኳት።

«እዚሁ እደሪ፣ አልጋ አለ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቤሎራዶ አልጋ ይዣለሁ። ከፍዬበታለሁ እኮ።»

ቤሎራዶ ገና 16 ኪሎ ሜትር ይቀራታል። ለካስ ከፈረንሳይዋ ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር እስከ ሳንቲያጎ ያሉትን 33 ሌሊቶች በሙሉ፣ የመንገዱን መምሪያ መጽሐፍ አጠገቧ ዘርግታ፣ ገና ከቤቷ ሳትወጣ ይዛ ከፍላ ነው የመጣችው።

ቀድሞ ሁሉንም መያዝ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው ከመንገድ ሲቀር ያየሁትም በዚህ ነው። 780 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ በአምስተኛው ቀን ጉልበታችሁ ምን እንደሚል ከአሁኑ ልታውቁ አትችሉም። እግር ሲቆስል መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፤ አልጋው ተይዞ ከተከፈለበት ግን ሰው ለገንዘቡ ሲል ቁስሉን እየረገጠ ይሄዳል። በማግስቱ ታክሲ፣ በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ወደ አገር መመለስ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ያዙ፤ በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ባለው በፒሬኔ ተራራ ላይ ማደሪያ ጥቂት ነውና። ከዚያ በኋላ በየማታው የነገን ብቻ ያዙ፣ ወይም ጨርሶ አትያዙ። በአውሮፓ የበጋ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከሳሪያ ከተማ በኋላ ያለው የመጨረሻው 115 ኪሎ ሜትር ግን ስለሚጨናነቅ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መያዝ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2027 የሐዋርያው ያዕቆብ በዓል ሐምሌ 25 በፈረንጆቹ እሑድ ላይ ስለሚውል ዓመቱ ቅዱስ ዓመት ነው፤ ያኔ ሕዝቡ ከወትሮው ይበዛል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትመጡ የሸንገን ቪዛ ስትጠይቁ የማደሪያ ማስረጃ ማቅረብ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። በነፃ የሚሰረዝ ቦታ ያዙ። መንገድ ላይ ዕቅዳችሁ ሲቀየር ቀድማችሁ ሰርዙ፤ ሳይሰረዝ የቀረ አልጋ ባዶውን ሲያድር ሌላው መንገደኛ ደጅ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያው ወንድም ነው፤ መጽሐፉ ቀኑን የጨረሰበት ከተማ ማደር። በብዛት የሚሸጠው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መንገዱን በ33 ቀን ከፍሎታል። ስለዚህ መጽሐፉን የያዘ ሁሉ በአንድ ቀን ሱቢሪ ይደርሳል፣ በአንድ ቀን ሎስ አርኮስ ይደርሳል፤ ከቀትር በኋላ ቦርሳ በደጁ ተሰልፎ ታያላችሁ። ከሱቢሪ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ግን ላራሶኛ የምትባል ጸጥ ያለች መንደር አለች። ከመጽሐፉ ማደሪያ አንድ መንደር ቀደም ብላችሁ ወይም አለፍ ብላችሁ እደሩ፤ እንቅልፉም ሰላሙም እዚያ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የተጻፈውና ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ በሚባለው የብራና መጽሐፍ ውስጥ ያለው የመንገደኞች መመሪያ ይህንኑ መንገድ በ13 ክፍል ነበር የከፈለው፤ አንዳንዱን በፈረስ ካልሆነ በአንድ ቀን ማን ይዘልቀዋል? የቀኑ አከፋፈል የጸሐፊው እግር ልክ ነው። የእናንተን እግር አያውቀውም።

መጽሐፍ ሲመረጥ ሰው ሁሉ «መንገዱን በደንብ ያሳያል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መንገዱን ለማግኘት መጽሐፍ አያስፈልግም። በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው የኦ ሴብሬይሮ መንደር ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቀለም ይዘው መቀባት የጀመሩት ቢጫ ቀስት ዛሬ በየግንቡና በየድንጋዩ ላይ አለ፤ እሱን መከተል ይበቃል። መጽሐፍ የምትፈልጉት ለሦስት ነገር ነው፦ ለዳገትና ቁልቁለቱ ሥዕል፣ ለውኃ፣ በአንዱ አልጋና በቀጣዩ አልጋ መካከል ላለው ርቀት። ከካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ ወጥታችሁ ካልሳዲያ ደ ላ ኩዌሳ እስክትደርሱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል መንደር የለም። ይህን በግልጽ የማይነግራችሁን መጽሐፍ አትግዙ።

ዳገቱን ሳያዩ ኪሎ ሜትሩን ብቻ መቁጠርም አለ። ከሳን ዣን እስከ ሮንሴስቫዬስ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ከ200 ሜትር በታች ተነሥቶ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይወርዳል። የደጋ ልጅ ነኝ ብሎ ዳገቱን የናቀ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱ ሲከዳው አይቻለሁ። ከኅዳር እስከ መጋቢት በፈረንጆቹ ይህ የተራራ መንገድ ዝግ ነው፤ በቫልካርሎስ በኩል ነው የሚኬደው።

የቆየ እትም አትግዙ። ከኮሮና በኋላ ሳይከፈቱ የቀሩ ማደሪያዎች አሉ።

አሁን ሆዴን ወደሚበላኝ ልምጣ። ማደሪያው አልቤርጌ ይባላል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። የማዘጋጃ ቤቱና ሳንቲያጎ ያለችበት የጋሊሲያ ክልል መንግሥት አልቤርጌዎች ብዙ ጊዜ ቀድሞ መያዝ አይቀበሉም፣ በመምጣት ተራ ነው የሚሰጡት። የግሉን በስልክ መያዝ ይቻላል። ሌላው «ዶናቲቮ» የሚባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሲሆን ዋጋ የለውም፣ ሳጥን አለው። ይህን «ነፃ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም አዝናለሁ። ዛሬ ማታ የምትበሉት ምስር የተገዛው ትናንት ያደሩት ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ በጣሉት ገንዘብ ነው። እናንተ ምንም ሳትጥሉ ከሄዳችሁ የነገው መንገደኛ ማዕድ ይጎድላል። አንድ ማታ ለሠላሳ ሰው ሾርባ ልንሠራ ሳጥኑን ስንከፍት ያገኘነው ለዳቦ እንኳ አልበቃም፤ የመንደሩ ሴቶች ከጓሯቸው ድንችና ሽንኩርት አምጥተው ነው ያበላነው። እኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመን አሳድሮ በሚያበላ ሕዝብ መካከል ያደግን ሰዎች ነን፤ ወደ ግሸን በእግር የሄደ ሰው የገበሬውን ቤት ያውቀዋል። የሌለው ምንም አይስጥ፣ ማንም አይጠይቀውም፤ ያለው ግን ይስጥ።

ለጿሚ አንድ ነገር ልጨምር። ፍልሰታ የሚውለው መንገዱ በሚሞላበት በነሐሴ ነው። «ቬጌታል» የሚባለውን ሳንድዊች ጾም ነው ብላችሁ አትዘዙ፤ ብዙ ጊዜ ቱናና እንቁላል አለበት። ማደሪያ ስትመርጡ ኩሽና ያለውን ምረጡ፤ በጋሊሲያ ግን በመንግሥት አልቤርጌዎች ምድጃ ኖሮ ድስት የማይኖርበት ቤት ብዙ ነው። እኔ ትንሽ ድስት፣ ሽሮና በሶ ይዤ ነው የምሄደው።

ከሳሪያ ጀምሮ በመንገደኛ ደብተራችሁ ላይ በቀን ሁለት ማህተም አስመቱ፤ ሳንቲያጎ ስትደርሱ የጉዞ ምስክር ወረቀት የሚሰጣችሁ እሱ ታይቶ ነው።

ትኋንን በተመለከተ፦ ቦርሳችሁን አልጋ ላይ ከማኖራችሁ በፊት የፍራሹን ስፌት በባትሪ እዩ። በመጀመሪያ ጉዞዬ ደክሞኝ ሳላይ ተኛሁ። ያለኝን ልብስ ሁሉ በሙቅ ውኃ ሳጥብና ሳደርቅ ሁለት ቀን አለፈ፤ አብረውኝ ከተነሡት ጋር የተገናኘሁት ሳንቲያጎ ነው።

ልጅቷ እኛ ዘንድ ሁለት ሌሊት አደረች። ደንቡ አንድ ሌሊት ነው፤ ለታመመ ግን ይፈቀዳል። የመጀመሪያውን ማታ እግሯን በጨው ውኃ ዘፍዝፋ፣ ስልኳን ይዛ የቀሩትን አልጋዎች አንድ በአንድ ስትሰርዝ አመሸች። ለአንዳንዱ ገንዘቧ ተመለሰላት፣ ለአንዳንዱ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በነጠላ ጫማ ወጣች፤ ጫማዋን ቦርሳዋ ላይ አሥራዋለች።

«ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» አልኳት።

«እግሬ እስካደረሰኝ» አለችኝ።