ስፒከር ከመቀየራችሁ በፊት ወለሉን እዩት

ድምፁ አልጥም ሲል መጀመሪያ የሚታማው ስፒከሩ ነው። ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ፣ ሲብስ ደግሞ ገመዱ። ክፍሉ ግን ማንም ትዝ አይለውም። ጆሯችሁ ጋ ከሚደርሰው ድምፅ ቀላል የማይባለው ወለል፣ ግድግዳና ኮርኒስ ነክቶ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች እዩልኝ።

አንደኛው ወለሉን ራቁቱን መተው ነው። ሴራሚክም ሆነ ሲሚንቶ ወይም ፓርኬ ቀጭኑን ድምፅ እንዳለ መልሶ ይልከዋል። መሃል ላይ ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው በዚያው ከማለቅ ይልቅ “ጥርርር” የሚል ጭራ ካስከተለ፣ ድምፁ በሚተያዩ ጠንካራ ግድግዳዎች ወይም በወለልና በኮርኒስ መካከል እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። ዘፋኙ “ስ” ወይም “ጽ” ባለ ቁጥር ጆሮ የሚወጋውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። በስፒከሮቹና በመቀመጫችሁ መካከል ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፉ። ከሥሩ ሌላ ወፍራም ነገር ቢደረብ ደግሞ የበለጠ ይሠራል።

ግን አታብዙት! ባስ (ወፍራሙ ድምፅ) በዛብኝ ብሎ ክፍሉን በምንጣፍና በመጋረጃ መጠቅለል ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ10,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የ50 ኸርዝ ባስ ግን ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። እስቲ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ምንጣፍ ይሄን ምን ሊያደርገው ነው? ቀጭኑ ድምፅ ይዋጣል፣ ባሱ እንዳለ ይቀራል፣ እናንተም ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ሰው የምትሰሙ ይመስላችኋል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍም ያው ነው፤ ባሱን አይነካውም፣ ቤቱንም ያስጠላል።

ባስ የሚስተካከለው በቦታ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ለብቻው ያጎላዋል። ይሄ ጉልበት ግድግዳው ጋ ይበረታል፣ ልክ መሃል ላይ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ፣ ስፒከሩንም ጥግ ውስጥ ወትፋችሁ “ባሱ ይጮሃል” ብትሉ ታዲያ ማንን ነው የምትከሱት? ሶፋውን ወደፊት፣ ስፒከሩንም ከጥጉ ወጣ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ስሙት። ነፃ ነው።

ስፒከርን ቡፌ ላይ ማስቀመጥ ሌላው ነው። ሙዚቃ ከፍታችሁ መዳፋችሁን ቡፌው ላይ አሳርፉ። ከተንቀጠቀጠ እሱም አብሮ እየዘፈነ ነው፤ ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች ደግሞ ይቀበሉታል። ከፊታችሁ የተቀመጠ ትልቅ የመስታወት ጠረጴዛም ድምፁን ወደ ጆሯችሁ ያነጥረዋል። አንሱት፣ ካልሆነም ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጉበት።

የጎን ግድግዳ የሚረሳ ነገር ነው። እናንተ ቦታችሁ ላይ ተቀመጡና ሌላ ሰው መስታወት ይዞ ግድግዳውን ታክኮ ይሂድ። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ በታያችሁ ቦታ ላይ፣ ማለትም ድምፁ ነጥሮ ወደ እናንተ በሚመጣበት፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ወይም ከባድ መጋረጃ ይሁን። መጋረጃው ተወጥሮ ሳይሆን ተጨማዶና ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቢሰቀል ይሻላል።

ባዶ ቤት ውስጥ ስፒከር ሞክሮ መፍረድም ልክ አይደለም። በ1895 ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር፣ ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘና ከሌላ ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራስ እያስመጣ፣ በደረደረ ቁጥር ማስተጋባቱ ምን ያህል እንዳጠረ ይለካ ነበር። የሰው ገላና ልብስም ድምፅ ይውጣል። ስለዚህ ሶፋው ገብቶ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ነው መስማት።

የሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ ደግሞ፣ ወለላችሁ የሚረግብ ጣውላ ከሆነ እርምጃችሁ መርፌውን ያዘልለዋል። ምንጣፍ አይበቃውም፤ ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተመታ ጠንካራ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።