መብራቱ እየበራ ድምፅ የማይሰጠው የፈዝ ፔዳል እንዴት ተስተካከለ

አንድ ጀማሪ ወዳጄ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በወጣው ፈዝ ፌስ በተባለ፣ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር (ፈዝ) ፔዳል ንድፍ መሠረት በሁለት የሲሊከን ትራንዚስተሮች (የድምፅ ምልክቱን የሚያጎሉ ክፍሎች) የገጣጠመው የጊታር ፔዳል፣ ሲረገጥ መብራቱ ቢበራም የጊታሩ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋ ነበር። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ትራንዚስተር ለመቀየር ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን ደጋግሞ የሚሞቅ የቦርድ መዳብ ተላጦ ስለሚነሣ፣ ቮልቴጅ ሳይለካ ምንም ነገር መንቀል የለበትም እላለሁ።

የመልቲሜትሩን (የቮልቴጅ መለኪያውን) ጥቁር ገመድ በግራውንድ (በዜሮ ቮልት ነጥቡ)፣ ቀዩን በሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር (ከረንት በሚገባበት እግር) ላይ ሳደርግ፣ 4.5 ቮልት አካባቢ መሆን የነበረበት ንባብ ወደ ኃይል ምንጩ 9 ቮልት ተጠግቶ አገኘሁት። ይህ ማለት ትራንዚስተሩ ከረንት እያሳለፈ አይደለም፤ ኤሚተሩ (ከረንት የሚወጣበት እግር) በ1 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (በእጅ በሚዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር) በኩል ወደ ግራውንድ የሚሄድበት መንገድ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የፖቴንሽዮሜትሩን እግር በማጉያ መነጽር ስመለከተው፣ ሶልደሩ (ለማያያዝ የሚቀልጠው ብረት) ሽቦው ላይ እንደ ጤዛ ጠብታ ተንከባሎ ቀርቷል፤ ከእግሩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝም ቀጭን ጥቁር ክፍተት ይታያል። እግሩ ሳይሞቅ ሶልደሩ በመበየጃው ጫፍ ላይ ቀልጦ የተቀባ መሆኑ ግልጽ ነበር።

አሮጌውን ሶልደር አንሥቼ እግሩን በብርጭቆ ወረቀት ካጸዳሁ በኋላ ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀባሁት። ከዚያም 350 ዲግሪ ሴልሺየስ በደረሰው መበየጃ እግሩንና ሽቦውን አንድ ላይ አሙቄ፣ ሶልደሩን ከመበየጃው ሳይሆን ከእግሩ ጋር አነካካሁት፤ ወዲያው ፈስሶ ቀዳዳውን ሞላው። እስኪረጋ ድረስ ሽቦውን አለማንቀሳቀስ ግድ ነው። ኮሌክተሩ 4.6 ቮልት አነበበ፤ ፈዙም ሙሉ ድምፁን ሰጠ።