ስኒ ላይ እየሳላችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ስኒዎች የሳልኩት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኩሽናዬ ውስጥ፣ በአክሪሊክ ቀለም ነበር። ለአንዲት ሙሽራ ሸጥኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ደወለች። «እህቴ፣ አደይ አበባሽ እኮ ሲታጠብ ረገፈ።» ገንዘቧን መለስኩ።

ስለዚህ ከቀለሙ እንጀምር። ለስኒ የሚሆነው ከብረት ነክ ማዕድናትና ከተፈጨ መስታወት የሚሠራ ዱቄት ነው። በዘይት ለውሳችሁ ትስሉበታላችሁ። እቶን ውስጥ ከ700 እስከ 820 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቀልጦ ከስኒው ልባስ፣ ከሚያብረቀርቀው ሽፋኑ፣ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ በእጥበት አይረግፍም። እርሳስ የሌለበትን ግዙ፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው። እቶን ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸክላ ሠሪዎች ስቱዲዮ ውስጥ እየከፈልኩ ነው ያስጋገርኩት።

ነጩን ስኒ በአልኮል ጥረጉ። የጣት ቅባት ካለበት ቀለሙ ይሸሻል። የመጻፊያው እርሳስ ደግሞ ስኒ ላይ ያንሸራትታል። ተርፐንታይን (የቀለም ማቅጠኛ) በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡትና ይድረቅ፤ ያኔ ይይዛል። መስመሩ እቶን ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል። ከአፉ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ፣ ከንፈር የሚያርፍበት ነው። ውስጡን ደንበኛ ቢለምነኝም አልስልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከወርቅ የሚሠሩት ሮዝና ወይን ጠጅ ከፍ ያለ ሙቀት ይወዳሉ። ከብረት የሚሠራው ቀይ ግን ሙቀት ሲበዛበት ይደበዝዛል። ስለዚህ ሮዙ ቀድሞ ይጋገራል፣ ቀዩ ይከተላል። የወርቁ ቅብ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ሙቀት ይገባል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ሲያዙኝማ ጉድ ሆኜ ነበር፤ ቢጫው የነካውን ቀይ ሁሉ በላው። አሁን በመካከላቸው ክር የምታህል ነጭ እተዋለሁ።

ዘይቱ ጭሶ እስኪያልቅ የእቶኑን ክዳን ገርበብ፣ መስኮቱን ወለል አድርጉ። ማታ ያስገባችሁትን ጠዋት እዩት። ትኩሱን ከከፈታችሁ ይሰነጠቃል።

ስድስት ሲያዟችሁ ስምንት ሳሉ። አንዱ መበላሸቱ አይቀርም፣ የተረፈው ደግሞ ከዓመት በኋላ «አንዱ ተሰበረብኝ» ለሚል ደንበኛ ይሆናል። ዋጋ የምታወጡት በሰዓታችሁ ይሁን። «ለአበሻ እንኳ ቀንሺ እንጂ» የሚል አይጠፋም። እኔ ያኔ ወርቁን አስቀርቼ ጥለቱን በአንድ ቀለም አደርገዋለሁ እንጂ ለዚያው ሥራ ሰዓቴን አልቀንስም። ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ትእዛዝ ደግሞ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ አልቀበልም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ወርቅ አለው፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይግባ» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ጽፌም አንዷ ደውላለች። ብልጭታውን ያዩት እናቷ ናቸው አሉ።