ትንሿ ኮምፒውተር ውስጥ ኤስኤስዲ እንዴት ይገጠማል

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ግቡ። ጠረጴዛ ሥር ቆሞ እግር የሚመታው ትልቁ ሲፒዩ እየጠፋ ነው። በምትኩ ወፍራም መጽሐፍ የምታህል ጥቁር ሣጥን ከስክሪኑ አጠገብ ተቀምጣ ታያላችሁ። ብዙዎቹ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ያገለገሉ ናቸው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ሚኒ፣ ሌኖቮ ታይኒ። ቦታ አይዙም፣ ብዙ መብራት አይበሉም፣ ለጽሕፈት ሥራ ጉልበታቸው ከበቂ በላይ ነው። የሚያንቀራፍፋቸው ውስጣቸው ያለው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ዊንዶውስ እስኪከፍት ደንበኛው ተነስቶ ጎረቤት ኮፒ ቤት ይሄዳል።

መድኃኒቱ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። መግጠሙም ካቻቢቴ ለያዘ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጣጣው ያለው ግዢው ላይ ነው። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደወላል፣ "ኤስኤስዲ ግዛልኝ" ይባላል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ እዚህ ይደርሳል፣ ከዚያ አንድም ስሎቱ (መሰኪያው) ውስጥ አይገባም፣ አንድም ይገባና ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም። ሻጩ ደግሞ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፈቱ፣ ከዚያ ግዙ።

1. ሞዴሉን አንብቡ

ሣጥኗን ገልብጡና የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። የዴል ኦፕቲፕሌክስ ቁጥር በ20 ካለቀ (3020፣ 9020) ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው። በ40 ካለቀ 6ኛ፣ በ50 ካለቀ 7ኛ፣ በ60 ካለቀ 8ኛ። ኤችፒ ላይ ጂ1 ማለት 4ኛ፣ ጂ2 ማለት 6ኛ፣ ጂ3 አብዛኛውን ጊዜ 7ኛ፣ ጂ4 ደግሞ 8ኛ ነው። ሌኖቮ ታይኒ ከሆነች ኤም93ፒ 4ኛ፣ ኤም900 6ኛ፣ ኤም710ኪው 6ኛ ወይም 7ኛ፣ ኤም720ኪው ብዙ ጊዜ 8ኛ ናት።

4ኛ ትውልድ ማሽን በጥቅሉ ኤንቪኤምኢ ከሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት አይነሳም። እሷ ካለቻችሁ ባለ 2.5 ኢንቹን ሳታ (ዘገም ያለውን ዓይነት) ኤስኤስዲ ግዙና በሃርድ ዲስኩ ቦታ ሰክታችሁ ተገላገሉ፤ ፍጥነቷ ላይ የሚመጣው ለውጥ ያስገርማችኋል። ከ6ኛ ጀምሮ ያሉት ግን ኤንቪኤምኢ ያውቃሉ፤ ስሎቱ አላቸው ወይ የሚለውን ሲከፈት ታዩታላችሁ። ማሽኗን ገና የምትገዙ ከሆነ 8ኛ ፈልጉ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ነጻ ድጋፉ ቆሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ኢንቴል ነው።

2. ክፈቱት

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ አዳፕተሩን ንቀሉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት። ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ነው። ከኋላ አንድ ብሎን አለ፤ ዴልና ኤችፒ ላይ በጣት ይፈታል፣ ሌኖቮ ላይ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ክዳኑ ተንሸራቶ ይነሳል።

በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰው ሠራሽ ሹራብ ከለበሳችሁ አውልቁት። ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት የሣጥኑን ብረት ንኩ። አቧራ ማግኘታችሁ አይቀርም። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉት፤ ፋኑን ግን በጣት ያዙት እንጂ እንዲሽከረከር አትተዉት።

ዴልና ኤችፒ ላይ ስሎቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው ከሃርድ ዲስኩ መያዣ ሥር ነው፤ መያዣውን አንሱት። ኤም710ኪውና ኤም720ኪው ላይ ግን ከላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። በታች በኩል ያለውን ክዳን ክፈቱ፣ ከራሙ ጋር እዚያ አለ።

አሁን ቀስ ብላችሁ እዩ። ከቦርዱ ጋር ተኝቶ የተሸጠ ቀጭን ስሎት አለ፣ ከፊቱ የብሎን መቀመጫ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ከጎናቸው 2230፣ 2242፣ 2280 የሚል ቁጥር ይታተማል። 2280 ማለት 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው፤ 2230 ደግሞ ርዝመቱ 30 ብቻ። መቀመጫው 80 ላይ ብቻ ካለ አጭሩ ኤስኤስዲ ጫፉ አየር ላይ ይቀራል፤ ማራዘሚያ ሳህን ካልገዛችሁ በቀር።

ልብ በሉ፣ አጠገቡ ሌላ የሚመስለው ስሎት አለ። እሱ የዋይፋይ ነው። ካርዱ ከተገጠመበት ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦ ታያላችሁ። ካርድ ከሌለበት ግን ባዶውን ያየ ሰው "ሁለት የኤስኤስዲ ቦታ አለኝ" ብሎ ይደሰታል። የለውም። የውስጥ ክፍፍሉ ሌላ ስለሆነ ኤስኤስዲው አይገባበትም፤ አትግፉት።

በስልካችሁ ከላይና ከጎን ፎቶ አንሱ፤ ቁጥሮቹ እንዲነበቡ አድርጉ። አዲስ አበባ ለሚገዛላችሁ ሰው በቴሌግራም የምትልኩት ይህንን ነው። ዴል ከሆነ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለውን የሰርቪስ ታግ ጨምሩ፤ የዴል ድረ ገጽ ላይ ሲገባ ማሽኗ ከፋብሪካ ስትወጣ ምን እንደነበራት ያሳያል።

3. ምን ይገዛ

የዚያ ቀጭን ስሎት ስም ኤም ዶት ቱ ነው፤ ይህ ግን ቅርጹ ብቻ ነው። በዚያው ቅርጽ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሸጣል፦ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። ሳታው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያለው ኤንቪኤምኢ እስከ 3,500 ገደማ ይደርሳል። በዓይን ለመለየት ወርቃማውን ጥርስ እዩ። ሁለት ቦታ የተሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ የተሰነጠቀው ኤንቪኤምኢ። ብዙውን ጊዜ ያልኩት ሁለት ስንጥቅ ያለው ኤንቪኤምኢም ስላለ ነው። ስለዚህ ጥርሱን ብቻ አትመኑ፣ የተጻፈውን አንብቡ። ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚያውቅ ስሎት ላይ ሳታውን ብትሰኩ አይቃጠልም፣ ግን አይታይም።

ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ኤንቪኤምኢውን ውሰዱ። የሚሠራው ደብዳቤ መጻፍና ማተም ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱን በዓይናችሁ አታዩትም፤ ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሻገሩ ነው ትልቁ ነገር። "7,000 ያነባል" ለሚባለው አዲሱ ጄኔሬሽን 4 (የፕሮሰሰሩ ትውልድ ሳይሆን የስሎቱ ፍጥነት ደረጃ ነው) ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ይሠራል፣ ግን እስከ 8ኛ ትውልድ ያሉት ማሽኖች ጄኔሬሽን 3 ስለሆኑ በእነሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ከላዩ ወፍራም የብረት ማቀዝቀዣ የተለጠፈበትንም ተዉት፤ መያዣው አይዘጋበትም።

256 ጊጋባይት ለቢሮ ይበቃል። ፎቶና ቪዲዮ ቤት ከሆነ 512 ወይም ከዚያ በላይ።

ስም የሌለው "2 ቴራ" በርካሽ ከቀረበላችሁ ተጠንቀቁ። መጠኑን የሚዋሽ ዕቃ አለ፤ ዊንዶውስ ላይ 2 ቴራ ያሳያል፣ እውነተኛው አቅሙ ሲሞላ ግን ፋይሉ ይበላሻል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ ክፈቱት፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት እንደተጻፈበት፣ ጤናው ስንት በመቶ እንደቀረ ያወጣዋል። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካንገራገረ ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ጭንቅላት በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ ለዚህም አምራቾች ብዙ ጊዜ የሥራ ከፍታውን 3,048 ሜትር ላይ ይገድቡታል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ችግር የለባትም። ወደ ጮቄ አናት ለተጠጋ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ግን ኤስኤስዲ መምረጡ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እሱ ውስጥ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለም። በኮረኮንች መንገድ ሲጫንም አይጎዳም።

4. ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን አውጡ

ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ እና ዳውንሎድስ የሚሉትን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው ፎንት ነው። ኮፒ ቤት ውስጥ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የደንበኛ ሰነድ ሞልቷል፤ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ይበጣበጣል። የፎንት ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ፣ የአማርኛ መጻፊያውን መጫኛ ፈልጉ፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር በፍላሽ ያዙ። ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን ይህቺ ፍላሽ ነፍስ ናት።

5. ግጠሙት

ኤስኤስዲውን በጠርዙ ያዙት፣ ወርቃማ ጥርሱን አትንኩ። ስንጥቁ ከስሎቱ ጋር መግጠሙን አይታችሁ፣ ጋደም አድርጋችሁ፣ ከቦርዱ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ግፉት። በትክክል ሲገባ ወርቃማው መስመር ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ግማሹ የሚታይ ከሆነ አልገባም። እጃችሁን ስትለቁት ጫፉ ወደ ላይ ብድግ ይላል፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በጣት ዝቅ አድርጋችሁ ያዙትና በብሎን እሰሩት። ሌኖቮ ላይ በብሎን ፈንታ የፕላስቲክ መቆለፊያ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ብሎኗ በጣም ትንሽ ናት፣ ወድቃ ቦርዱ ሥር ከገባች ሥራው ከሰዓት ይሻገራል። ሲኒ ውስጥ አስቀምጧት። ከማሽኗ ጋር ካልመጣች ላፕቶፕ የሚጠግን ቤት ጠይቁ፤ እዚያ የተጣለ ቦርድ ላይ አይጠፋም። በፕላስተር ለጥፎ መተው ግን አይሆንም፤ ሲሞቅ ይለቃል። አጥብቃችሁም አትሰሩት፣ ሲይዝ ተዉት።

6. ባዮስ ውስጥ ግቡ

ባዮስ ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የሚገኘው የማሽኗ ማስተካከያ ገጽ ነው። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ንኩ። አዲሱ ዲስክ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ አጥፉና እንደገና አውጥታችሁ ሰክታችሁ እዩ። ማስነሻውን አዲሱ ዘዴ በሆነው ዩኢኤፍአይ ላይ አድርጉ፤ ኤንቪኤምኢ በድሮው ሌጋሲ አይነሳም። ዴል ላይ የሳታ ኦፕሬሽን (ማሽኗ ዲስኩን የምታነጋግርበት ስልት) ብዙ ጊዜ ሬይድ ላይ ተቀምጦ ስለሚመጣ ሊኑክስ ሲጫን ዲስኩ አይታይም፣ ዊንዶውስም አንዳንዴ ያስቸግራል። ከአዲስ የምትጭኑ ከሆነ ኤኤችሲአይ አድርጉት።

7. ዊንዶውሱን ጫኑ

ከአዲስ ጫኑ ነው የምለው። አሮጌው ዊንዶውስ ከነቫይረሱና ከነኮተቱ ወደ አዲስ ቤት ለምን ይገባል? ማሽኗ ላይ ሕጋዊ ዲጂታል ፈቃድ ከነበረ ፈቃዱ የተያያዘው ከቦርዱ ጋር ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል። ስትጭኑ ግን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ንቀሉት። አለበለዚያ ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሉን አሮጌው ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ በኋላ አሮጌው ሲወጣ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል።

እንደገና የማይገኝ ፕሮግራም ስላለ የግድ ሙሉውን መገልበጥ ካለባችሁ ክሎንዚላ የሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ነጻ ነው። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ማነስ የለበትም። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ተገልብጦ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ አንዴ በሴፍ ሞድ አስነሱት፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ከዚያ በኋላ ዲፍራግ (የተበታተነ ፋይል መሰብሰብ) የሚባል ነገር እርሱ። ዊንዶውስ ራሱ ኤስኤስዲ መሆኑን አውቆ ትሪም የሚባለውን፣ የተሰረዘ ፋይል ቦታን ማጽዳት፣ ይሠራል።

8. መብራት

ይህ የእኛ ጉዳይ ስለሆነ አላልፈውም። በገበያ ላይ ያለው ተራ ኤስኤስዲ መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ የነበረውን የሚያድን ካፓሲተር የለውም። ፋይል ይጎዳል፣ አንዳንዴ ዲስኩ ራሱ ይሞታል። ሲሞት ደግሞ እንደ ሃርድ ዲስክ ቀድሞ አይንኳኳም፤ ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት የለም። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ግዙ። እነዚህ ማሽኖች የሚበሉት ጥቂት ስለሆነ ትልቁን ሲፒዩ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዘው ዩፒኤስ እነሱን ረዘም ላለ ጊዜ ይዞ ያቆያል፤ ፕሪንተሩን ግን እሱ ላይ አትሰኩ። ባዮስ ውስጥ "መብራት ሲመለስ" የሚለውን ምርጫ ጠፍቶ እንዲቆይ አድርጉት፤ መብራቱ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም ሲል ማሽኗ አብራ እንዳትነሳና እንዳትወድቅ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ንቀሉ፣ የኔትወርክ ገመዱንም ጭምር።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ አትጣሉት። የዩኤስቢ መያዣ ገዝታችሁ ውስጡ ክተቱና የሳምንቱን ሥራ ዓርብ ማታ ገልብጡበት። መያዣውን ስትገዙ ዲስኩን ይዛችሁ ሂዱ፤ አሮጌዎቹ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊኖራቸው ይችላል፣ አንዳንዱ መያዣ ደግሞ 7 ብቻ ነው የሚቀበለው።