ጠቅልሎ ለሚገባ ቤተሰብ የመጨረሻው ሰመር

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ቤተሰብ ጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት ሲወስን፣ ጉዞውን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የልጆቹ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነው። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በጁን አጋማሽ ገደማ ይዘጋሉ፣ የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ በመስከረም ይከፈታሉ፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለመሸጥ፣ ለመጠቅለልና ለመጓዝ የተመቸ ይመስላል። ስለዚህ ወላጆች እነዚህን ሳምንታት ባዶ ጊዜ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ለልጁ ግን ይህ ሰመር ከተወለደበት ሰፈር የሚለይበት ወቅት ነው። እኛ «መመለስ» የምንለው ጉዞ ለእሱ «መሄድ» ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ አዲስ አበባን የሚያውቃት በሦስት ሳምንት ጉብኝትና በስልክ በሚሰማው የአያቱ ድምፅ ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ይህን የተረዳነው ዘግይተን፣ የትልቋ ልጃችን ክፍል በካርቶን ከተሞላ በኋላ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈውም ሌላው ቤተሰብ ቀድሞ እንዲያስብበት ነው።

ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከጉዞው ቀን ወደ ኋላ ስለሆነ መጀመሪያ የሚወሰነው እሱ ነው። ልጆቹ የሚገቡት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ከእነዚህ መካከል በኦገስት የሚጀምሩ ስላሉ ቀኑን የትምህርት ቤቱ ካሌንደር ይወስነዋል። በአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር ከሆነ ግን ምክሬ ከነሐሴ 5 እስከ 10፣ ማለትም ከኦገስት 11 እስከ 16 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ መድረስ ነው። እንዲህ ሲሆን ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ስምንት ሳምንት በአሜሪካ፣ ከዚያም እስከ እንቁጣጣሽ አራት ሳምንት ያህል በአዲስ አበባ ይገኛል። በጳጉሜ የሚደርስ ቤተሰብ ልጆቹን እንቅልፋቸው ሳይስተካከል ዩኒፎርም ያለብሳቸዋል፤ በጁላይ መጀመሪያ የሚሄድ ደግሞ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚኖራቸውን የመጨረሻ ዕረፍት ይወስድባቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ ዲያስፖራው የሚመላለስበት ወቅት በመሆኑ ቲኬቱ በማርች ወይም በኤፕሪል ቢቆረጥ ይመረጣል።

ወረቀት የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ማለቅ አለበት፤ ሰመሩን ከማንም በላይ የሚበላው ይህ ነውና። ዜግነት የለወጡ ወላጆችና በአሜሪካ የተወለዱ ልጆች፣ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን ስለማትፈቅድ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ከጉዞው በፊት ቢያወጡ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖርና መሥራት ይችላሉ። በግሪን ካርድ ላይ ያለ ወላጅ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ የሚቆይ ከሆነ፣ በቅጽ አይ-131 የሚጠየቀውን የዳግም መግቢያ ፈቃድ እዚያው አሜሪካ ሆኖ ማመልከት ይኖርበታል። ከማመልከቻው በኋላ ለአሻራ የሚጠራበትን ቀን መጠበቅ ስላለ ይህን በጁላይ የሚጀምር ሰው ቲኬቱን ሊያራዝም ይገደዳል። የአሜሪካ ዜጎች በየትም አገር ቢኖሩ የገቢ ግብር ማስታወቅ እንደሚቀጥሉና በውጭ አገር ባንኮች ያላቸው ገንዘብ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው እንደሚያስታውቁም ከወዲሁ ይወቁት። የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ባሉት በሜይ ወር ይጠይቁ፤ የክትባት መዝገባቸውን፣ የጥርስና የዓይን ምርመራቸውን ውጤት ከሐኪማቸው ይውሰዱ። የልደት ሰርተፊኬትን በክፍለ ግዛቱ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ማረጋገጥ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ወረቀቱ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ሳምንታት ይወስዳል።

ይህ ካለቀ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ለዕረፍት ብቻ ይሁኑ። አምስት ሳምንት ብዙ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እኛ ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ሰጥተን እስካሁን ይቆጨናል። ወላጅ በዚህ ጊዜ የሚፈተነው ልጆቹ ያላዩትን ትልቅ ነገር ሁሉ ለማሳየት ነው፤ «ከአሜሪካ ሳትወጡ ይህንንም እዩ» በሚል ሐሳብ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ወይም ወደ ካሊፎርኒያ ይኬዳል። አዲስ ቦታ ሊሰናበቱት አይቻልም። ልጁ የሚናፍቀው ደጋግሞ የሄደበትን ነው፤ ስለዚህ ወረቀት ስጡትና አንድ ጊዜ እንደገና ሊያደርጋቸው የሚፈልጋቸውን ዐሥር ነገሮች ራሱ ይጻፍ። የኛዋ ልጅ የጻፈችው የሰፈራችንን መዋኛ ፑል፣ በየሳምንቱ የምትሄድበትን ላይብረሪ፣ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳር ላይ አሸዋ መቆፈርን፣ የዋሽንግተንን መካነ እንስሳት፣ የአይስክሬሙን መኪና፣ እንዲሁም በጁን ምሽት ሣሩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉትን ነፍሳት መያዝን ነበር። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ መካነ እንስሳቱና በናሽናል ሞል ዙሪያ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችም በነጻ የሚገባባቸው ናቸው። ዝርዝሩ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ እያንዳንዱ ሲፈጸም ልጁ በእጁ ቢሰርዘው፣ ስንብቱ በእሱ ቁጥጥር ሥር እየተካሄደ መሆኑ ይሰማዋል።

የልጅነት ጓደኝነት በራሱ አይቀጥልም፤ ወላጅ መንገዱን ማበጀት አለበት። የጓደኞቹን ወላጆች ስልክ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት የቅርብ ጓደኞቹ ጋር አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል አዳርም ጭምር አመቻቹ። አዲስ አበባ በሰመር ከዋሽንግተን በሰባት ሰዓት፣ ሰዓቱ ከተለወጠ በኋላ ደግሞ በስምንት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ለስልክ ጥሪ የሚስማማው የቅዳሜ ወይም የእሑድ ጠዋት በዚያ፣ ምሽት በዚህ እንደሆነ ሁለቱም ልጆች ከመለያየታቸው በፊት ይወቁት። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ያለፈው ልጅ ሐዘኑ ብዙ ጊዜ በቁጣ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ «አገርህ እኮ ነው!» ብሎ መገሠጽ በሩን ይዘጋል። ቁጣውን ሳይከራከሩ መስማትና ቢያንስ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ለምሳሌ በሚገባበት ትምህርት ቤት ወይም በሚተኛበት ክፍል ምርጫ ላይ፣ ድምፅ መስጠት የበለጠ ይረዳል።

ለወላጆቹም ስንብት ያስፈልጋቸዋል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን በተለያየ ከተማ የሚያዘጋጀው ውድድር በየክፍለ ግዛቱ የተበተነ ወዳጅን በአንድ ስፍራ ለማግኘት የሚመች ስለሆነ፣ ቤተሰቡ አቅሙ ከፈቀደ ያን ሳምንት እዚያ ቢያሳልፍ ብዙ ጉዞ ይቀርለታል። የእቁብ አባል የሆነ ሰው ዕጣው ደርሶት ከሆነ ቀሪውን ክፍያ በማን በኩል እንደሚጨርስ ለዳኛው ቀድሞ ይንገር፤ ዕድሩም መልቀቁን ከራሱ አንደበት ይስማ። በችግር ቀን አብሮ የቆመ ማኅበር ዜናውን ከሌላ ሰው ሊሰማ አይገባውም። የክርስትና እናትና አባት፣ የንስሐ አባት ወይም የመስጊዱ ኡስታዝ፣ ልጆቹን ያሳደጉ ጎረቤቶች በየቤታቸው ይጎብኙ። የስንብቱ ድግስ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ድግስ እናቲቱን በድካም ይጥላታል።

ዕቃ መጠቅለል የቀሩት ሦስት ሳምንታት ሥራ ነው። የምግብ መፍጫ፣ የሩዝ ማብሰያና የመሳሰለው በአሜሪካው 120 ቮልት የሚሠራ ዕቃ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ስለሚቃጠል ሽጡት ወይም ስጡት፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የቤት መኪናን በመርከብ የማምጣት ሐሳብ የኤሌክትሪክ ላልሆነ ሰው ተዘግቷል። በአየር መንገዱ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቀደው ለአንድ ተጓዥ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው። አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ስምንት ሻንጣ ይደርሰዋል፤ ይሁን እንጂ መሄዳችሁ እንደተሰማ የአደራ ዕቃ በየአቅጣጫው ይመጣል። እምቢ ማለት ለኛ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ሻንጣ ለአደራ መድቡና እሱ ሲሞላ ሞልቷል በሉ፤ የልጅን መጽሐፍና አሻንጉሊት አስቀርቶ የሰው ጫማ መጫን ልጁ የማይረሳው በደል ነው። የልጆቹ ክፍል ደግሞ ከቤቱ ሁሉ በመጨረሻ ይነሣ፤ አልጋቸውን ቢቻል እስከ ዋዜማው አትሽጡ።

በዚህ ላይ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር አስታውሳለሁ። እዚያ ሰመር የምንለው እዚህ ድፍን ክረምት ነው፤ የልጅነታችንም ረጅም የትምህርት ቤት ዕረፍት የክረምት ዕረፍት ይባል ነበር። በኦገስት ከዋሽንግተን ሙቀት በቁምጣና በነጠላ ጫማ የተነሣ ልጅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ ዝናብና ጭጋግ ይቀበለዋል። በመርከብ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃ ወራት ስለሚፈጅ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ውሃ የማያስገባ ጫማ ስለዚህ ከእናንተ ጋር በአውሮፕላን ይምጡ፤ ሹራቡማ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ከላይ ይቀመጥ።

በሰመሩ ውስጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ለፊደል ስጡ፤ ከዚያ በላይ ዕረፍቱን ትምህርት ቤት ያደርገዋል። ከንባቡ በላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያደናግራቸው ሰዓቱና ቀኑ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚባለው እዚያ ሰባት እንደሆነ፣ ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር እንዳለውና ቁጥሩም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ በወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓትና ሁለት ካሌንደር ጎን ለጎን ሰቅሎ ማሳየት ይበቃል። ስለሚሄዱበት ኑሮም እውነቱን ንገሯቸው። መብራት የሚጠፋበት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን እንዳለ አስቀድሞ የሰማ ልጅ ሲደርስበት አይደነግጥም፤ አጎትና አክስት ደጅ ሳያንኳኩ እንደሚገቡ፣ ሁሉም ጉንጩን እንደሚስሙትም ይወቅ።

የመጨረሻው ሳምንት በተቻለ መጠን ከዕቃ ሥራ ነጻ ይሁን። ቤቱ ከተለቀቀ ከወዳጅ ዘንድ እደሩ፤ ልጆቹ ባዶውን ቤት አንድ ጊዜ ዞረው እንዲሰናበቱት፣ ቁመታቸው በእርሳስ የተጻፈበት የበር መቃን ካለም ፎቶ እንዲነሣ አድርጉ። ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ የሚወስደው የቀጥታ በረራ ዐሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ስትደርሱ ዘመድ በአበባ ቢጠብቃችሁም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እንግዳ እንዳይበዛ ለአንድ ታላቅ የቤተሰብ አባል አደራ ስጡ። ልጆቹ በሌሊት ነቅተው ቢርባቸው አትቆጡ፤ የሚያውቁት የቁርስ እህል አንድ ፓኬት ከሻንጣው ይውጣላቸው።

በመከርሁት ቀን ከደረሳችሁ ቡሄ ቢበዛ በስምንት ቀን ውስጥ ይመጣል። በነሐሴ 12 ምሽት ሙልሙሉንና ዝርዝር ብሩን በር አጠገብ አስቀምጡ። የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ በሩን ከፍቶ የሚሰጣቸው የእናንተ ልጅ ይሁን፤ ስሙን ይጠይቁታል፣ በማግስቱም ከእነሱ አንዱ ሊጠራው ይመጣል።